ጽጌረዳዋን የቆረጠው አጎቴ

አዲስ የተቆረጠ የጽጌረዳ ግንድ የራሱ ሽታ አለው። የአበባው ሽታ አይደለም፤ እርጥብ፣ መረር ያለ፣ በጣት የታሸ ቅጠል የሚመስል የእንጨት ሽታ ነው። ደብረ ብርሃን በማስተምርበት ትምህርት ቤት አትክልተኛው በሩ ላይ ያሉትን ጽጌረዳዎች በመቀስ ሲከረክም ይህ ሽታ በመስኮት ገብቶ ያገኘኝና፣ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ረስቼ፣ ጠመኔውን ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያገኝ ሆዱ ይባባል ይባላል። የእኔ ሆድ አይባባም። በዘጠኝ ዓመቴ፣ በጥምቀት ቀን፣ ታቦት አጅቤ ተመልሼ የግቢያችንን በር ስከፍት የተቀበለኝ ይኸው ሽታ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በውስጤ የተቀመጠው ነገርም ስሙ ናፍቆት አይደለም።

ቤታችን ከመሐል ሜዳ ጫፍ፣ ወደ ግሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ግቢው የአያቴ ነበር፤ አያቴ ከመሞታቸው በፊት ለሁለት ወንድ ልጆቻቸው አካፍለውት፣ ከላይ ያለው ሰፊው ቤት ለታላቁ ለደምሴ፣ ከታች መንገዱ ዳር ያለው ትንሹ ቤት ለአባቴ ደርሶ ነበር። በመካከላቸው አጥር አልነበረም፣ ዶሮዎቻቸው እንኳ ተቀላቅለው ይጭሩ ነበር። አባቴን «አንተ»፣ ጋሽ ደምሴን «አንቱ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ እዚህ ላይ ግን አንቱታውን ትቼ «እሱ» እለዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። በግ ነጋዴ ነበር፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ በሠፈሩ ሽምግልና ላይ ፊት የሚቀመጥ፣ ሰው ሲናገር ከመጨረሱ በፊት የሚመልስ። አባቴ ደግሞ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፣ ዝምተኛ፣ ከሥራ ሲመለስ የእጁን ጠመኔ ሳይታጠብ አፈር ውስጥ የሚገባ ሰው።

አባቴ አንድ ክረምት ለሥልጠና ደብረ ሲና ወርዶ ሲመለስ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ክንድ የማይሞላ የቀይ ጽጌረዳ ቁራጭ ይዞ መጣ። ደብረ ሲና ቆላ ቀረብ ስለሆነ ጽጌረዳ እንደ ጎመን ይበቅላል፣ የእኛ አገር ግን መንዝ ነው። ቁራጩ በነሐሴ ዝናብ ቅጠል አውጥቶ ሁላችንንም ሲያስደስት ከርሞ፣ ጥቅምት ሲገባ አንድ ማለዳ ሣሩ ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቶ ስንነሣ፣ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ አገኘነው። በዓመቱ ደግሞ ሌላ አምጥቶ ተከለ፣ እሱንም ውርጭ በላው። ጋሽ ደምሴ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ፣ «እዚህ አገር ሰው እንኳ በሱፍ ባና ተጠቅልሎ ነው የሚያድረው፣ አንተ ለአበባ ትደክማለህ?» ይል ነበር፣ አባቴም ፈገግ ብሎ መኮትኮቱን ይቀጥል ነበር።

መላውን ያገኘችው እናቴ ናት። እናቴ አስካለ ከሞላሌ በታች ካለ ገጠር የተወለደች፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማረች፣ ነገር ግን ያየችውን የማትረሳ ሴት ነበረች። «የእኛን ገደል ቀጋ ውርጭ ሲገድለው አይቼ አላውቅም፣» አለችው አንድ ቀን፣ «ሥሩን ከእሱ ብንዋስስ?» አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተነሥቶ ዶማ ፈለገ። በሐምሌ እናቴ ከትውልድ አገሯ አንድ የቀጋ፣ የዱር ጽጌረዳ፣ ቁጥቋጦ ከነሥሩ በጆንያ አምጥታ፣ ከቤታችን አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ወደ ጋሽ ደምሴ በኩል ያለው ቦታ ላይ ተከሉት፤ ሥሩን ቅዝቃዜ እንዳያገኘው፣ ውኃውም እንዳይሸሽ ብለው የተሰበረ የጠላ ጋን አፍ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ቀበሩበት። ቀጋው ሥር ሲሰድ አባቴ ከደብረ ሲና ሌላ የጽጌረዳ ቁራጭ አስመጥቶ፣ በምላጭ አንዲት ዓይን፣ ቀንበጥ የምታወጣዋን እብጠት፣ ከነልጣጯ አንሥቶ፣ የቀጋውን ቅርፊት በስቶ ከውስጥ አስገብቶ፣ ከብስክሌት ጎማ በቆረጠው ላስቲክ አሰራት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ይዤ አይ ነበር። «ሙሉ፣» አለኝ፣ «ከዚህ በላይ ጽጌረዳ ናት፣ ከዚህ በታች ቀጋ። ላይዋ ቢሞት እንኳ ሥሯ አይሞትም፤ ያን ጊዜ ግን የምትበቅለው ቀጋ ሆና ነው።»

ያች ዓይን ያዘች። በመጀመሪያው ጥቅምት የቅጠሎቿ ዳር ተቃጠለ እንጂ ግንዷ ደህና ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ከእኔ ቁመት በላይ ወጣች። እናቴ ጠባይዋን ቶሎ አወቀችው። በብርዱ ወራት ውኃ የምታጠጣት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ እንጂ ማታ አልነበረም፤ ከሥሯ የበግ በጠጥና ገለባ ትከምርላት ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ከቆመ፣ ውርጭ እንደሚወርድ ስለምታውቅ፣ አሮጌ ባና ታለብሳት ነበር። ብርዱ ሳያልፍ መቀስ አታስነካትም ነበር፤ ቶሎ ከተከረከመች ለጋው ወጥቶ ውርጭ ይበላዋል እያለች እስከ የካቲት ትጠብቅ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ የምታወጣው አበባ ጥቁር ቀይ፣ ድርብርብ፣ ጠዋት ጠዋት መንገደኛ የሚያስቆም ነበር፤ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች በመንገዱ ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያሸቱ፣ እናቴ አንድ አንድ ቆርጣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ትሰካላቸው ነበር።

አባቴ የሞተው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ በሰኔ ነው። ሆዱን አሞት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገብቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሬሳው በመኪና ተመለሰ። በዚያ ክረምት እናቴ ሱፍ እየፈተለች ለባና ሠሪዎች እያስረከበች፣ ከቤታችን እስከ ጽጌረዳዋ ባለው መሬት ላይ ጎመንና ድንች ተክላ ታበላኝ ጀመር። ጥቁሯን ለብሳ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ጽጌረዳዋ ሥር ስትኮተኩት የሚያይ ሰው የሚያዝንላት ይመስለኝ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ ግን ለሰው ሲናገር፣ «የባሏን ኀዘን ሳትጨርስ አበባ ታጠጣለች» አለ ተባለ። እናቴ ይህንን ከሰማች በኋላ ለቀናት ራቷን አልበላችም።

በኅዳር ላይ ጋሽ ደምሴ መንገዱ ዳር ሱቆች ለመሥራት አሰበና የእናቴን የጎመን መደብ ፈለገ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ግቢው ሙሉ በሙሉ የእሱ መሆኑን፣ እኛ በምሕረቱ እንደምንኖር መናገር ጀመረ። እናቴ ለሽማግሌዎች አመለከተች። ሦስት ሽማግሌዎች ከደብሩ ቄስ ከአባ ወልደ ገብርኤል ጋር መጥተው፣ ጠላ ጠጥተው፣ ግቢውን ዞረው አይተው ፈረዱ፦ ከጽጌረዳዋ ወዲህ ያለው የአስካለና የልጇ፣ ከጽጌረዳዋ ወዲያ ያለው የደምሴ ይሁን ብለው። ምልክት ሲፈልጉ በግቢው ውስጥ ሁሉም የሚያውቃት እሷ ብቻ ነበረችና። ጋሽ ደምሴ ተነሥቶ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፣ እናቴንም «ይሁን፣ የወንድሜ ሚስት አይደለሽ» አላት። እኔ ያን ቀን ወደድኩት፣ ይህንን ሳስበው ነው እስከ ዛሬ በራሴ የምናደደው።

ከዚያ ጥምቀት መጣ። ሠፈሩ በሙሉ ታቦቱን አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲሄድ ጋሽ ደምሴ ወገቤን አሞኛል ብሎ ቤት ቀረ። እናቴ ከኀዘኗ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ለብሳ፣ እኔም አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ስንዘምር ውለን ከሰዓት በኋላ ተመለስን። በሩን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። ጽጌረዳዋ በነበረችበት ቦታ ምንም አልነበረም፤ አፈሩ ተደልድሎ፣ ለሱቅ መሠረት የመጣ ድንጋይ ተከምሮበት ነበር። ቅርንጫፎቿ ግን ከቤታችን በር ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ በተቆፈረ አዲስ ጉድጓድ አጠገብ ተጥለው፣ ቅጠላቸው ገና አልጠወለገም፣ የተቆረጠው እንጨት ገና እርጥብ ነበር። እናቴ ምን እንደተደረገ ሳይነገራት ገባት። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

እናቴ ያስጠራቻቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ ጋሽ ደምሴ ነገሩን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ጽጌረዳዋ የነበረችው ከእናቴ በር ሥር እንደሆነ፣ እናቴ ምልክቱን ከቦታው አርቃ ልትተክል ስትል እንደቆረጠቻት፣ ጉድጓዱም ቅርንጫፉም ምስክር እንደሆኑ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «እኔስ ከዚያ ማዶ ያየኋት ይመስለኛል» አለ፣ ሌላው ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም አለ፤ ወንድ ልጅ ያለበት ቤት ብንሆን ሁሉም እርግጠኛ ይሆኑ ነበር። በመጨረሻ ነገሩ በመሐላ ይለቅ ተባለና ሁላችንም ወደ ሚካኤል ደጀ ሰላም ወረድን።

አባ ወልደ ገብርኤል እናቴን ሲጠይቋት፣ «እኔ ስለ አንድ መደብ ጎመን ብዬ የመልአክ ስም አልጠራም፣» አለች፣ «እግዜር ያያል።»

«አንተስ ደምሴ?»

እሱ ወደ በሩ ተራምዶ መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። «ጽጌረዳዋ የነበረችው ከበራቸው ሥር ነው፣» አለ፣ ድምፁ ሳይርገበገብ፣ «ብዋሽ ሚካኤል አይማረኝ።»

የማለ ረታ። በሳምንቱ ከበራችን ሁለት እርምጃ ላይ የባሕር ዛፍ አጥር አጠረ፣ የእናቴ ጎመን በእሱ በኩል ቀረ፣ በጎቹም ገብተው በሉት። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች፣ «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ፣» ትል ነበር። እኔ አልሰጠሁም። በዚያን ጊዜ በየማታው እየጸለይኩ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ እንዲሞት ሳይሆን እንዲያፍር፣ ሰው በተሰበሰበበት ፊቱን የሚያደርግበት እንዲያጣ።

የዐቢይ ጾም ገብቶ የበልግ ዝናብ ሲያካፋ፣ አንድ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ስመለከት ከድንጋዩ ክምር መሐል ቀያይ ጫፍ ያላቸው ሦስት ቀንበጦች ብቅ ብለው አየሁ። በቀዳዳው ሾልኬ ገብቼ አንዱን ነካሁት፣ እሾህ ወጋኝ። የአባቴ ቃል ትዝ አለኝና ደስ አለኝ፤ የደምሴ መጥረቢያ የቆረጠው ላይዋን ነው፣ ሥሯ ግን ጋኑ አፍ ውስጥ በሕይወት ተቀምጣ ነበር። ሮጬ ለእናቴ ልነግራት ቤት ገባሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትፈትል ነበር። በሩ ላይ ቆምኩና፣ ብነግራት ዛሬውኑ ለአባ ወልደ ገብርኤል እንደምትናገር፣ እሳቸውም ደምሴን በጓዳ ጠርተው እንደሚመክሩት፣ ነገሩም በዝግታ እንደሚያልቅ ታየኝ። በዝግታ እንዲያልቅ አልፈለግሁም። ምንም ሳልናገር ተመልሼ ወጣሁ።

ሁለት ወር ጠበቅሁ። ቀንበጦቹ ከመንገድ እንዳይታዩ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለክሁ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አስደግፍባቸው ነበር፣ ዝናብ ሲጠፋ በጣሳ ውኃ አጠጣቸው ነበር፣ እጄ ከክርን በታች ተቧጥሮ እናቴ ስትጠይቀኝ ድመት ናት እል ነበር። አንድ ሰው ግን አየኝ። የጋሽ ደምሴ ልጅ አልማዝ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እኔን አዝላ ያሳደገች፣ ጠጉሬን የምትሠራኝ፣ ሞላሌ ለሚያስተምር አንድ መምህር የታጨች፣ እጮኛዋንም የምትወድ ልጅ ነበረች። በእነሱ በኩል ቆማ፣ ቀንበጡን አየት፣ እኔን አየት አድርጋ፣ ፈገግ ብላ አለፈች። ጉንፋን ይዞኝ ሳምንት የተኛሁ ጊዜ ሳልነግራት ታጠጣልኝ እንደነበረ ያወቅሁት፣ ተሽሎኝ ስወጣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ በማግኘቴ ነው። አላመሰገንኳትም፣ ምክንያቱም ለማመስገን ለምን እንደማደርገው መናገር ነበረብኝ።

በግንቦት ልደታ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚበላበት ቀን፣ በዚያ ዓመት ድግሱ በጋሽ ደምሴ ግቢ ሆነ። እሱ ራሱ ነው የጠራው፣ የሱቆቹን ቦታ ለሰው ማሳየት ይፈልግ ነበርና። እናቴ አልሄድም ብላ ነበር፤ እኔ ግን «ልደታ ናት፣ ሰው ይታዘበናል» ብዬ ለምኜ ወሰድኳት። በግቢው ባለው የጽድ ዛፍ ሥር ሳር ተጎዝጉዞ፣ ሽማግሌዎቹ በርጩማ ላይ፣ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አባ ወልደ ገብርኤል ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ጋሽ ደምሴ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ የጠላ ብርጭቆ ይዞ፣ መሐል ቆሞ ሰውን «ብሉ፣ ጠጡ» ይል ነበር። የአልማዝ እጮኛ አባትም ከሞላሌ መጥተው ከጎኑ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውን ሳይ እንኳ አላመነታሁም፣ እንዲያውም ሰው በመብዛቱ ደስ አለኝ።

ተነሥቼ መሐል ገባሁ። «አባ፣» አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ፣ «የአባቴ ጽጌረዳ ያለችበትን ላሳይዎት?»

መልስ ሳልጠብቅ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄጄ ያስደገፍኳቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ አነሣሁ። ቀጋው ከክንድ በላይ ሆኖ፣ እሾሁ ጠንክሮ፣ ቅጠሉ ለምልሞ ቆሟል።

ጋሽ ደምሴ ሳቀ። «ቀጋ ነው እኮ! ቀጋ የትም ይበቅላል። ልጅቷ ልትጫወትብን ነው።»

«አባ፣ ያስቆፍሩት፣» አልኩ። «የጋኑ አፍ ከሥር አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያን ቀን እርግጠኛ ያልነበረው፣ በዱላው ጫፍ አፈሩን መጫር ጀመረ። አንድ ስንዝር ሳይሞላ ሸክላ ተሰማ። ሰዎች ቀረብ ብለው በእጃቸው አፈሩን ሲጠርጉት፣ የጋኑ አፍ ክብ ሆኖ ወጣ፣ በመሐሉም እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ በመጥረቢያ የተቆረጠ ጉቶ፣ ከጎኑ ቀጋ አብቅሎ ታየ። አባ ወልደ ገብርኤል ጎንበስ ብለው ጉቶውን በጣታቸው ዳሰሱና ቀና አሉ።

«ደምሴ፣» አሉት፣ «ደጀ ሰላሙን ጨብጠህ የማልከው በምን አፍህ ነው?»

ስንት ቀን ያሰብኩት ፊት ይኸው ፊት ለፊቴ ነበር፦ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ የሚያርፍበት አጥቶ። ማር የላስኩ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ደስታ አግኝቻለሁ፣ እንደዚያን ቀኑ ግን ጣፍጦኝ የሚያውቅ የለም፣ ይህንን መደበቅ አልችልም። ሰዎች ንፍሯቸውን ሳይጨርሱ አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። የእጮኛዋ አባት ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ። አልማዝ የቤቱ በር ላይ እንስራ አቅፋ ቆማ፣ እኔን ታየኝ ነበር።

ቤት ስንገባ እናቴ አቅፋ የምትስመኝ መስሎኝ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ «መቼ ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«በጾም መግቢያ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያ አስተያየት የሚካኤል ደጅ ቆማ ጋሽ ደምሴ ሲምል ያየችበት አስተያየት ነበር፣ እና አልመታችኝም።

አጥሩ በሳምንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ መሬቱም የእኛ ሆነ። ለጋሽ ደምሴ የንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጡት፤ ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የጠራው፣ ለእርቅ ያስቀመጠው ሰው የለም፣ ገበያ ላይ እንኳ በግ ሲሸጥ «ማልልኝ» እያሉ የሚቀልዱበት ነበሩ። ሞላሌዎቹ ደግሞ በክረምቱ መጀመሪያ ሰው ልከው፣ በሐሰት ከማለ ቤት ልጅ አንወስድም አሉ። አልማዝ በነሐሴ ሻንጣዋን ይዛ ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ስትሄድ፣ መኪና እስኪመጣ መንገዱ ዳር ቆማ ሳለ ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። የቀሚሴን አንገት አስተካከለችልኝና፣ «እኔ እኮ ያጠጣሁልሽ አበባ ስለምትወጂ ብዬ ነበር፣» አለች። ያኔ መኪናው መጣ።

ያን ጊዜ እንኳ አልበቃኝም። በመስከረም ቀጋው አጥሩን አልፎ ወጣ፤ ቀይዋ ጽጌረዳ ከነዓይኗ ስለጠፋች፣ ከዚያ ወዲህ ያወጣው ነጭ፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው የገደል አበባ ነበር፣ እናቴም አባትሽ የተከላት እንኳ አልተረፈችም እያለች አንድ ሁለቴ አለቀሰች። እኔ ግን ቀጋነቱን ወደድኩት። ሽማግሌዎቹ ምልክቱን የነካ ይቀጣል ብለው ስለነበር ጋሽ ደምሴ ሊቆርጠው አይችልም፤ ስለዚህ በየክረምቱ ለጋውን ቅርንጫፍ እያጎነበስኩ፣ በድንጋይ እየተጫንኩ፣ ወደ እሱ መተላለፊያ አዘነብለው ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ መንገድ የሚወጣበት ቦታ ሊዘጋ ደረሰ። ጠዋት ጠዋት ጋቢው እሾህ ላይ ሲያዝ፣ ቆሞ ሲያላቅቅ፣ በመስኮት እያየሁት ዳቦዬን እበላ ነበር። ጥቅምት መጥቶ የሠፈሩን ባቄላ ሁሉ ውርጭ ሲመታው እንኳ ቀጋው አንድ ቅጠል አልጣለም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአንድ ታኅሣሥ፣ ጋሽ ደምሴ በግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ ወደቀ። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታ፣ አልማዝ ሩቅ ሆና፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር። እናቴ የገብስ አጥሚት በጣሳ ይዛ፣ ቀጋውን በአንድ እጇ ወደ ጎን እየገፋች ወደ እሱ ቤት መመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ መንገዷን ዘጋሁባት።

«ሚካኤል አይማረኝ ብሏል እኮ፣» አልኳት። «አንቺ ምን አገባሽ?»

እጇ ላይ ቀጋው የጫረው መስመር ደምቶ ነበር። «ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ ሙሉ፣» አለች። «ደክሞኝ ነው። እሱን ተሸክሜ ስንት ዓመት ልዙር?» ጎኔን ገፋ አድርጋ አለፈች። በማግሥቱ ራሷ ማጭድ ይዛ ወጥታ ወደ መተላለፊያው ያዘነበለውን ቅርንጫፍ በሙሉ ቆረጠችው፣ ሽማግሌም አላማከረችም። እኔ ለሁለት ቀን አላናገርኳትም።

አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ደብረ ብርሃን ትኖራለች፣ ዓይኗ ደክሞ መፍተል ትታለች። መሐል ሜዳ ያለውን ቤት ለተማሪዎች አከራይተነዋል። ጋሽ ደምሴ በሕይወት አለ፤ አልማዝ ሥራዋን ትታ ተመልሳ፣ ሳታገባ፣ እሱን ስታስታምም ትኖራለች። በወር አንድ ጊዜ ትደውልልኛለች፣ ስለ እናቴ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ትምህርት ቤቱ እነግራታለሁ፣ ስለዚያ ግንቦት ግን አንዳችንም አንሥተነው አናውቅም። ልጅ ሳለሁ ይቅርታ እንደ ቁመት ይመስለኝ ነበር፣ ሰው ሲያድግ ሳይጠራው አብሮት የሚያድግ፤ ይኸው እናቴ ያን አጥሚት ስታመላልስ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌ፣ አልማዝን ባሰብኩ ቁጥር የራሴን ጥፋት እየቆጠርኩ፣ የእሱን ግን ገና አልተውኩለትም። ባለፈው ሰኔ ስትደውል ድምፁ ከኋላዋ ይሰማኝ ነበር፣ ተሰባብሮ፣ ቃል ሳይሆን ማቃሰት ሆኖ።

«አባባ ስምሽን ይጠራል፣» አለችኝ። «ዓይኑ አያይም። ድምፅሽን ብቻ ቢሰማ ይበቃዋል። መቼ ትመጫለሽ?»

«ክረምቱ ይለፍና እመጣለሁ፣» አልኳት።

አምናም ያልኳት ይህንኑ ነበር።